ከእንጨት መርጦ

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» ይላል የአገራችን ብሂል። አባቶች እንጨትንና ሰውን በአንድ ሚዛን ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ከውጭ አምረው ከውስጥ የነቀዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም አንዴ ከተመረጡ በኋላ የሚሸከሙት ነገር ከራሳቸው የሚበልጥ ነው። ይሁን እንጂ ብሂሉ እንጨት መመረጥ እንዳለበት ይነግረናል እንጂ በምን መመዘኛ እንደሚመረጥ አይነግረንም። በመልኩ ነው? በዋጋው ነው? በድምፁ ነው? ወይስ በመጣበት መንገድ? ጥያቄው ለታቦት ቀራጭ ብቻ የቀረበ አይደለም። በገና ለሚሠራ፣ ክራር ለሚጠርብ፣ በዘመናችንም ኤሌክትሪክ ጊታር ለማበጀት ለተነሣ ባለሙያ ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ከጁባ ነጭ አባይን ተሻግሮ በምሥራቅ ዳርቻ ያለችውን ጉምቦን የሚያውቅ አንባቢ የእንጨትን ነገር ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከኒሙሌ የሚመጣው መንገድ ወደ ከተማው ድልድይ ከመድረሱ በፊት በእርሷ በኩል ያልፋል። እስቲ በዚያ መንገድ ዳር አልጋ፣ በርና መስኮት እየሠራ የሚተዳደር አንድ ኢትዮጵያዊ አናጢ እናስብ። ለምሳሌ የቆመ ሰው ነውና ስም አንሰጠውም። አንድ ቀን ማታ ማታ በሆቴል ጊታር የሚጫወት ወጣት ወደ እርሱ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ጊታር እፈልጋለሁ። ገላው ማሆጋኒ፣ ፊቱ ሜፕል፣ የጣት ሰሌዳው ደግሞ ምንም ነጠብጣብ የሌለበት ጥቁር ዞጲ ይሁንልኝ» ይላቸዋል።

«ለምን እነዚህን መረጥህ፣ ልጄ?»

«ድምፁ የሚወጣው ከእንጨቱ ነዋ፣ ጋሼ!»

አናጢው ጥግ ላይ ወደ ተደገፈው የቲክ ጣውላ ይመለከታሉ። «ይኼስ?»

«እሱማ የበር እንጨት ነው» ይላል ወጣቱ።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተሸፍነዋል። አንደኛው የዕውቀት ጥያቄ ነው፤ በእርግጥ ድምፁ ከእንጨቱ ይወጣልን? ሁለተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ከእንጨቱ ባይወጣስ፣ ያንን ውድና ብርቅ እንጨት እንፈልጋለን የምንለው ስለ ምንድን ነው?

በመጀመሪያው እንጀምር። ክራርም ሆነ ተራው የእንጨት ጊታር ድምፁን የሚያገኘው ክሩ ሲርገበገብ ገላው አብሮ ስለሚርገበገብና አየሩን ስለሚገፋ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች እንጨቱ ወይም ቆዳው በእርግጥም ይናገራል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት አለ። የብረት ክሩ በማግኔቱ ላይ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱ ወደ ማጉያው ሄዶ በድምፅ ማጉያው ጉሮሮ ይጮኻል። ማግኔቱ የሚሰማው የብረቱን እንቅስቃሴ ነው፤ እንጨቱን አይሰማም። የእንጨቱ ድርሻ ክሩን አጥብቆ መያዝና ከክሩ ጉልበት ጥቂቱን መዋጥ ወይም መመለስ ነው። በመሆኑም ገላው ድምፁን አይነካም ማለት ባይቻልም፣ ከፒክአፑ፣ ከክሩ፣ ከማጉያውና ከተጫዋቹ ጣት ቀጥሎ በሩቅ የሚቆም ነው።

የዚህ መሣሪያ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ሌስ ፖል በ1940ዎቹ መባቻ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቤት ማገር ከሚሆን ወፍራም የፓይን ግንድ ላይ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ «ግንዱ» ሲል የሰየመውን ጊታር ሠራ። እርሱ ራሱ እንደተረከው፣ ያንን እንጨት ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ አድማጩ ልብ አላለውም። ከዚያ የአንድ ጊታር ገላ ለሁለት ሰንጥቆ በግንዱ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ለጠፈበት። ድምፁ ያው የግንዱ ድምፅ ነበር፤ አድማጩ ግን ወደደው። የተለወጠው ጆሮው የሰማው ሳይሆን ዓይኑ ያየው ነበር። በ1950 ጠጣር ገላ ያለውን ጊታር በፋብሪካ ደረጃ አውጥቶ ለገበያ ያቀረበው ሊዮ ፌንደር ደግሞ ጊታር መጫወት የማይችል የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እንጨቱን ሲመርጥ የተመለከተው በአቅራቢያው መገኘቱን፣ ዋጋውንና ለሥራ መመቸቱን ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ቅርስ የሚሳሱላቸው የአሽና የአልደር ገላዎች የተወለዱት ከዚህ የገበያ ስሌት ነው።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» የሰማ ሰው ሁሉ የጊታሩን አካሄድ ያስታውሳል። ጊታሩ ከምን እንጨት ተሠራ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ ሰው ያለ አይመስልም። የሚያስታውሰው ጣቱን ነው፤ በምዕራቡ መሣሪያ ላይ የእኛን ቅኝት ያናገረውን ብልሃት ነው።

በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ጥናቱ የተደረገው እንጨቱ በእርግጥ በሚናገርበት በተራው ጊታር ላይ ነው። አንድ ሠሪ በአንድ ንድፍ፣ ፊታቸው ከአንድ ዓይነት እንጨት የሆነ ስድስት ጊታሮች አበጀ። የተለያየው የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ ነበር፤ ከመካከላቸው እጅግ ውዱና ብርቁ የብራዚል ሮዝዉድ ይገኛል። 52 ጊታር ተጫዋቾች የብየዳ መነጽር አድርገው በደብዛዛ ብርሃን ተጫወቱባቸውና ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። ነጥቦቹ ተቀራራቢ ሆኑ። ዓይን በተጋረደ ጊዜ ውዱ እንጨት ከርካሹ ጎልቶ አልወጣም። በሚናገረው እንጨት ላይ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በማግኔት በሚናገረው ላይ ከዚህ የበለጠ ልዩነት መጠበቅ ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። እንጨት ምንም አይደለም ማለት ስሕተት ነው። በደንብ ያልደረቀ እንጨት ይጣመማል፤ የአንገቱ እንጨት የማይጸና ከሆነ ቅኝቱ አይቆይም፤ በአንገቱ ላይ አንዳንድ ኖታ ገና ሲመታ የሚሞትበት ቦታም ይኖራል። ከባድ ገላ የተጫዋቹን ትከሻ ይቀጣል። ቲክን የወሰድን እንደሆነ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ኮላ በቀላሉ አይይዘውም፤ በውስጡ ያለው አሸዋ መሰል ማዕድንም የመላጊያንና የመሮን ስለት ቶሎ ያደንዛል። አናጢው ይህን ሁሉ ያውቃሉ። እንጨት መምረጥ ትርጉም ያለው ሥራ ነው። ትርጉሙ ግን ወጣቱ ካሰበው ቦታ ላይ አይደለም።

ለዓይን ደስታ መምረጥስ? እርሱም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው ጥሩ ጥለት ያለው ነጠላ የሚለብሰው እንዲሞቀው ብቻ አይደለም። ክፋቱ የሚጀምረው የዓይንን ምኞት በጆሮ ስም ስንጠራው ነው። «ለውበቱ ፈልጌዋለሁ» የሚል ሰው ወዲያውኑ ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ለዚህ ውበት ምን ያህል መክፈል ይገባል፣ የሚከፍለውስ ማን ነው? «ለድምፁ ግድ ነው» የሚል ሰው ግን ከጥያቄው አመለጠ፤ ግድ ነው ለተባለ ነገር ዋጋ አይጠየቅምና።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የዞጲ ታሪክ ያሳያል። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ቦብ ቴይለር ኩባንያው በ2011 ከአጋሩ ጋር በካሜሩን የዞጲ መሰንጠቂያ ከገዛ በኋላ ከቆራጮቹ የሰማውን ለዓለም ተናግሯል። ዛፉ ተቆርጦ ልቡ እስኪታይ ድረስ ጥቁር መሆኑ አይታወቅም። ከአሥር ዛፎች ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ የሚገኘው አንዱ ገደማ ነው፤ ቡናማ ወይም ወርቅማ መስመር ያለባቸው የቀሩት ገዢ ስለሌላቸው በጫካው ውስጥ ወድቀው ይበሰብሱ ነበር። በጥንካሬም ሆነ በድምፅ ጉድለት አልነበረባቸውም። ጉድለታቸው ጊታር የሚገዛው ሰው የጣት ሰሌዳ ጥቁር መሆን አለበት ብሎ ማመኑ ነው። ቴይለር ከዚያ ወዲህ መስመር ያለበትንም እንጨት በጊታሮቹ ላይ ማዋል ጀመረ። ዘጠኙን ዛፎች የጣለው መጥረቢያ ነው ይባል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መጥረቢያውን ያነሣው በሩቅ አገር በመስኮት መስታወት ጀርባ የተሰቀለ ጊታር ሲያይ የኖረ የገዢ ዓይን ነበር።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ የሚያነሣው አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይቀራል፤ ይህም የቀደሙትን ሁሉ የሚበልጥ ነው። «እሺ ድምፁ ይቅር፤ ግን እንጨት እኮ ታሪክ አለው፤ እኔ የምፈልገው ታሪክ ያለው መሣሪያ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው። የክዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ገና የ16 ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በ1963፣ ፋብሪካ የሠራውን ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ከአባቱ ጋር የራሱን ጊታር ማበጀት ጀመረ። አንገቱን የቀረጸው ከመቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ የምድጃ ማሆጋኒ ነው፤ ነቀዝ የበሳቸውን ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ደፈናቸው። ለገላው ከአሮጌ ጠረጴዛ የተገኘ የኦክ እንጨት፣ ለመንዘሪያው ከሞተር ብስክሌት የተወሰዱ ሞላዎች ዋሉ። ለማገዶ የቀረበው ያ እንጨት በ2002 በእንግሊዝ ንግሥት 50ኛ የንግሥና በዓል በቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ዘመረ። ጊታሩን የሚወዱት ሰዎች የሚወዱት ማሆጋኒ ስለሆነ አይደለም፤ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሠሩት ነው። ታሪክ በእርግጥ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ክርክሩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። የእንጨት ታሪክ ዋጋ አለው ያለ ሰው ታሪኩን ሙሉ መቀበል አለበት። የሚያኮራውን ገጽ አንብቦ የሚያሳፍረውን መገንጠል አይችልም። ምድጃው ታሪክ ከሆነ፣ መጥረቢያውም ታሪክ ነው።

አናጢው ጥግ ላይ ያስደገፉትን የቲክ ጣውላ እንመልከት። ቲክ የዚህ ምድር ተወላጅ አይደለም። ዘሩ ከእስያ መጥቶ በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን በኢኳቶሪያ፣ በሎካ፣ በካጌሉና በሌሎችም ቦታዎች በመስመር ተተከለ። ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ አሥርተ ዓመታት ይፈልጋልና፣ ችግኙን ያጠጡት እጆች ፍሬውን እንደማያዩት እያወቁ ተክለዋል። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1983 ተጀምሮ በ2005 በሰላም ስምምነት በተቋጨው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በኋላም ከ2013 ወዲህ በተነሣው ግጭት፣ የታጠቁ ወገኖች ቲኩን የገንዘብ ምንጭ አድርገውታል፤ ግንዱም በኡጋንዳ በኩል ወደ ሩቅ ገበያ ተጉዟል። አንዱ ለልጅ ልጁ የተከለውን ሌላው ለጥይት ቆረጠው። ጣውላው ግን በመልኩ ይህን አይናገርም። በተከለው ሰው ልጅ ፈቃድ የተቆረጠውና በሌሊት የተዘረፈው በመላጊያ ሲላጉ አንድ ዓይነት ሽታ አላቸው።

ወጣቱ የጠየቃቸው ብርቅ እንጨቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የብራዚል ሮዝዉድ በ1992 በዓለም አቀፍ ስምምነት ከንግድ ታገደ። በ2017 የዘመዶቹ የዳልበርጂያ ዝርያዎች ሁሉ በቁጥጥር ሥር ዋሉ፤ በ2019 ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ደንብ ነፃ ወጡ። የአፍሪካው ማሆጋኒ፣ ካያ የሚባለው፣ በ2022 በቁጥጥሩ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በኢትዮጵያም በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል የተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሏል። ሕግ የሚወጣው ሕሊና ከተኛ በኋላ ስለሆነ፣ የሕጎቹ ብዛት የእንቅልፉን ርዝመት ይነግረናል።

አባቶቻችን በገና ሲሠሩ ይህ ችግር በዚህ መልክ አልገጠማቸውም። የበገና ገላ ከእንጨት፣ ፊቱ ከቆዳ፣ አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ናቸው። አንድ ድምፅ እንዲወለድ ዛፍ መውደቅና እንስሳ መታረድ ነበረበት። ሠሪው ግን ዛፉን ያውቀዋል፤ በጉ የታረደበትን ግቢም ያውቃል። ዕዳው በፊቱ ነበር። የእኛ ዘመን ልዩነት ርቀት ነው። ዛፉ በአንድ አገር ይወድቃል፣ በሌላው ይሰነጠቃል፣ በሦስተኛው ይሸጣል፤ በእያንዳንዱ ድንበር ላይ ከታሪኩ አንድ ገጽ ይወድቃል፤ ገዢው እጅ ሲደርስ ስምና ቀለም ብቻ ይቀራል።

«ለአንድ ጊታር የሚበቃ እንጨት ስንት ነው? ጫካውን የፈጀው እኮ በርና አልጋ፣ ከሰልና ጦርነት ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው፤ የዓለም ጊታር ሠሪዎች ሁሉ የሚፈጁት እንጨት ለቤት ዕቃና ለግንባታ ከሚውለው ጋር አይተካከልም። ድሃው አናጢ በገበያ ላይ ያገኘውን ጣውላ ምንጭ የሚመረምርበት አቅምም ጊዜም የለውም። «ምንጩ የታወቀ» የሚል ወረቀት ብዙውን ጊዜ የባለጸጋ ጌጥ ነው። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕ እንጨት የሚፈልግ ሰው ጊታር ሳይሠራ ሊሞት ይችላል።

ነገር ግን ከአናጢው የሚጠበቀው ንጽሕና አይደለም። የሚጠበቀው ተጠያቂነት ነው። በሩ ቤት ይዘጋል፣ አልጋው ሰው ያሳርፋል፤ ሁለቱም በችግር ስም ጥቂት ይቅርታ ያገኛሉ። ጊታር ግን ማንም ካላስገደደን የምንሠራው፣ ለደስታና ለውበት ብቻ የምናቆመው ነገር ነው። ነፃ ሆነን የምንመርጠው ምርጫ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ማንነታችንን ይገልጣል። በችግር የተሠራ በር ላይ ሳንጠይቅ ያለፍነውን ጥያቄ፣ በደስታ በምንሠራው ጊታር ላይ ካልጠየቅነው የት ልንጠይቀው ነው? ማን ተከለው? ማን ቆረጠው? በማን ፈቃድ? ሙሉ መልስ ባይገኝም እንኳ መጠየቁ በራሱ በእንጨቱና በስሙ መካከል የወደቀውን ገጽ መፈለግ ነው።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ወጣቱ ከባሕር ማዶ የሚመኘው የማሆጋኒ ዘመድ፣ ካያው፣ በደቡብ ሱዳን ምድር ይበቅላል። የአውሮፓ ክላሪኔትና ኦቦ የሚሠራበት ዞጲ በኢትዮጵያና በዚሁ አካባቢ ደረቅ መሬቶች ላይ ይገኛል። ጊታር ሠሪዎች በውበቱ የሚሻሙበት የመካከለኛው አሜሪካ ዚሪኮቴ የዋንዛችን የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ግን «እንግዲያው የቅርቡን ቁረጡ» ማለት አይደለም። የቅርቡ እንጨት ብልጫው ሄዶ መጠየቅ መቻሉ ነው።

ወደ ጉምቦው አናጢ እንመለስ። ከፈረሰ በር ወይም ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተገኘ፣ ዓመታት ያደረቁት ጣውላ በእጃቸው ሊኖር ይችላል። «ልጄ፣ ገላው ከዚህ ይሁን። የጣት ሰሌዳው ቡናማ መስመር ቢኖረው ጣትህ አያውቀውም። ገንዘብህን ለጥሩ ፒክአፕ አውለው» ቢሉት፣ ወጣቱ ሊስማማ ይችላል፤ ላይስማማም ይችላል። ቅር ብሎት ወደ ሌላ ባለሙያ ቢሄድ፣ ያኛው ቡናማውን ሰሌዳ በቀለም አጥቁሮ «ይኸው ዞጲ» ብሎ ሊያስረክበው ይችላል፤ ወጣቱም ተደስቶ ይጫወትበታል፤ ድምፁም ያማረ ይሆናል። እውነተኛው አናጢ ደግሞ የሥራ ዋጋቸውን አጥተው ይቀራሉ። በዚህ ላይ የሚያጽናና ምላሽ የለም። እውነት ለተናጋሪዋ ሁልጊዜ ደመወዝ አትከፍልም።

ይሁንና ብሂሉ እንጨትንና ሰውን ያጣመረው ለዚህ ይመስላል። አናጢው እንጨቱን ሲመርጡ እንጨቱም እርሳቸውን ይመርጣል፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ የሚታየው በሰነጠቁት ጣውላ ሳይሆን ስለ ጣውላው በተናገሩት ቃል ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባለ ይቀለዳል። በወንዙ ዳር፣ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ቀልዱን በራሱ ላይ ሊተርጉመው ይችላል። ማደሪያ ማጣት ዕጣ ሊሆን ይችላል። ይዞት የሚዞረው ግንድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን የራሱ ፈንታ ነው።